የማግስት ዳቦ

አንዲት ሴት ነበረች። በፋሲካ ዕለት፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ማዕዷን አቅርባ ሰው ትጠብቅ ነበር።

ሌላ ምንም አልነበረም። ሰው ትጠብቅ ነበር። እናንተስ ሰው ጠብቃችሁ ታውቁ የለ? ወጡ እየቀዘቀዘ፣ ዐይን ከበሩ ላይ አልነቀል እያለ፣ ኮቴ በተሰማ ቁጥር ልብ እየዘለለ። ታውቁታላችሁ። የማያውቀው ካለ እግዚአብሔር አያሳየው።

ዛሬ ፋሲካን ከዋልን ሦስተኛ ቀናችን ነው። ቤታችን ገና ዶሮ ዶሮ ይሸታል፤ ድስቱም አልተጠረገም። እንግዲህ ስለተረፈ ምግብ ባወራላችሁ አትታዘቡኝም ብዬ ነው። ግን ታሪኩ የሚያስቅ አይደለም፤ ኋላ እንዳታዝኑብኝ አስቀድሜ ልንገራችሁ። ነገሩ የሆነው በሌላ ዓመት ፋሲካ ነው፤ የሰማሁት ከራሷ አፍ ነው። «ለሰው ተናገረው፣ ስሜንም ጥራው፤ ብቻ አታሳምርልኝ» ብላኛለች። እኔም አላሳምረውም።

ዘነበወርቅ ትባላለች። ቤቷ ደብረ ብርሃን ነው። ሠላሳ ሦስት ዓመት በአንድ ኮሌጅ ወጥ ቤት ሠርታ ጡረታ የወጣች ሴት ናት። አላገባችም፣ አልወለደችም። አልወለደችም አልኳችሁ እንጂ ልጅ አላሳደገችም አላልኩም። እናቷ ስትሞት የአራት ዓመት ሕፃን ጥላ ነበር፤ ስመኝ የምትባል ታናሽ እህቷን። ዘነበወርቅ ያኔ ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ሕፃኗን አዝላ ሥራ ፈለገች። አጠበቻት፣ ሹሩባዋን ሠራቻት፣ ሲያማት ደረቷ ላይ አስተኝታ አደረች። ስመኝ «እታለም» ብላ ነው የምትጠራት። እናት ምን እንደምትመስል ያወቀችው በእሷ ነው።

ስመኝ አደገች፣ ፋብሪካ ገባች፣ ደርቤ የሚባል የጭነት መኪና ሾፌር ወደደች። ዘነበወርቅ አልወደደችውም።

«ሾፌር ዛሬ እዚህ ነው፤ ነገ የት እንደሚያድር አይታወቅም። ለዚህ ነው ያሳደግኩሽ?» አለቻት።

«ያሳደግሽኝ ልኖር ነው ወይስ አንቺ ጋ ልቀር?» አለች ስመኝ።

ቃል ከአፍ ከወጣ አይመለስም። ሠርጉ ደረሰ። ዘነበወርቅ የሠርጉ ዕለት በሯን ዘግታ ዋለች።

ይኼ አንዱ ነው። ይኼ ባልከፋ። ሠርግ የቀረ ሰው በመልስ ይመጣል፣ በመልስ የቀረ ሕፃን ሲወለድ ገንፎ ሊበላ ይመጣል። ሁለተኛው ነው ነገሩን የገደለው። ከጥቂት ዓመት በኋላ ደርቤ መንገድ ላይ ተገልብጦ ሞተ። ስመኝ ድንኳን ጥላ ሦስት ቀን ተቀመጠች። አገር ምድሩ መጣ። የሚያውቃትም የማያውቃትም መጣ። ዘነበወርቅ አልመጣችም።

እኛ አገር ለቅሶ መቅረት ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም።

ለምን ቀረች? ጠልታ ነው ትሉ ይሆናል። አይደለም። መርዶውን እንደሰማች ነጠላዋን አዘቅዝቃ እስከ በር ድረስ ወጥታለች። በሩን ይዛ ቆመች። «ሠርጓን ያልሄድኩ ሴት ለቅሶዋን በምን ዐይኔ እሄዳለሁ? ሰው ምን ይለኛል? ደስ ብሏት መጣች አይሉኝም?» አለች። ተመልሳ ገባች። በማግስቱ ደግሞ «ትናንት ያልሄድኩ ዛሬ እንዴት እሄዳለሁ?» አለች። በሳልስቱም እንዲሁ። ኀፍረት እንዲህ ነው ወገኖቼ። ባደረ ቁጥር ይከብዳል። ከውጭ ለሚያየው ግን ኩራት ይመስላል፤ ስመኝም ያየችው ከውጭ ነው።

ሰባት ዓመት ሆነ። በአንድ ከተማ፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን። አንዷ በምሥራቅ በር ስትገባ ሌላዋ በምዕራብ ትገባለች። አንድ ቄስ መስቀል ያሳልማቸዋል። ከቤት ቤት በእግር ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው።

በሰባተኛው ዓመት የዐቢይ ጾም ሲያልቅ፣ በጸሎተ ሐሙስ፣ ዘነበወርቅ አጸደ የምትባል የማኅበር ጓደኛዋን በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ አገኘቻት። አጸደ ከስመኝ ጋር በአንድ ግቢ ነው የምትኖረው።

«አጸደ፣ አንድ መልእክት ታደርሺልኛለሽ?»

«ለማን?»

«ለዚያች ልጅ።» ሰባት ዓመት ስሟን ጠርታ አታውቅም። «ፋሲካን እኔ ጋ ትፈስክ በያት። ሌላ ምንም እንዳትጨምሪበት።»

አጸደ የምትናገረው ነበራት። ስመኝ ከገና በፊት ጀምሮ ታማለች። ጉበቷ ነው። ሐኪሞቹ ከእንግዲህ መድኃኒት እንደሌለው ነግረዋታል። ግን አጸደን አስምላታለች፦ «እታለም እንዳትሰማ። ከሰማች አዝና ትመጣለች። አዝናልኝ እንድትመጣ አልፈልግም፤ ወዳ ትምጣ።» አጸደም መሐላዋን ጠበቀች። በማግስቱ፣ ከስግደት መልስ፣ መልሱን ይዛ መጣች።

«እሺ፣ እመጣለሁ ብላለች።»

«ምን ብላ? ፈገግ አለች?»

«አለቀሰች» አለች አጸደ። ቅዳሜ ጠዋት ለበዓል ወላጆቿ ጋ ገጠር ወረደች፤ እስከ ረቡዕ አልተመለሰችም።

አሁን እንግዲህ ያንን ማዕድ አስቡት። ዘነበወርቅ ለአምስት መቶ ተማሪ ስታበስል የኖረች ሴት ናት፤ ለአንድ እንግዳ መሥራት አታውቅበትም። ዶሮው ተሠርቷል። የበጉ አልጫ ተሠርቷል። ዐይቡ፣ ዕንቁላሉ፣ ድፎው። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ጠበቀች። ስድስት ሰዓት ሆነ። ዘጠኝ ሆነ። በአጥሩ ሥር ያለፈ ሁሉ «እንኳን አደረሰሽ!» ይላታል፤ «እንኳን አብሮ አደረሰን» ትላለች፤ ዐይኗ ግን ከሰውየው ትከሻ በላይ መንገዱን ያያል። ፀሐይ ስትዘቀዝቅ ወጡን ከደነችው። ሃምሳ አምስት ቀን ጾማ፣ የፈሰከችው በቁራሽ ዳቦ ነው።

«ተበቀለችኝ» አለች ለራሷ። «እኔ ለቅሶዋን ቀረሁ፣ እሷ ፋሲካዬን ቀረች። ይገባኛል።»

ሰኞ ጠዋት ተነሥታ ድስቶቹን አየቻቸው። ምንም አልተነኩም። የወጥ ቤት ሴት ምግብ መድፋት አትችልም፤ እጇ እምቢ ይላታል። ኮሌጁ ውስጥ በበዓል ማግስት ታደርግ የነበረውን ማድረግ ጀመረች።

የዶሮውን ሥጋ ከአጥንቱ ለይታ በጣቷ ፈለፈለችው። ቁሌቱን ብቻውን እሳት ላይ መልሳ፣ ውኃው እስኪመጥጥና ዘይቱ እስኪወጣ ድረስ አማሰለችው፤ ካልመጠጠ ዳቦውን ያላቁጠዋል። የበጉን ሥጋ አደቀቀች። ዕንቁላሉን ቀርድዳ፣ ዐይቡን በጨርቅ ጨምቃ አደረቀችው። ከዳቦ ቤት ክብ ክብ ዳቦ አስመጥታ እያንዳንዱን ከጎኑ ሰነጠቀችው፤ ልቡን ትንሽ አወጣችለት፤ በወጡ፣ በሥጋው፣ በዐይቡ ሞላችው፤ ከላይ ቅቤ ቀባችው። እንግዲህ የሚቀረው እሳት ነው። ተማሪዎቹ ይህንን «ማግስት» ብለው ነበር የሚጠሩት። «እማማ ዘነቡ፣ ነገ ማግስት አለ?» ይሏት ነበር። አንዳንዱ ከበዓሉ ምግብ ይልቅ እሱን ይናፍቃል።

ሁለት ትልልቅ ትሪ ሞልታ ወደ ጥላዬ ዳቦ ቤት አስወሰደች። ጥላዬ የሰፈሯ ዳቦ ጋጋሪ ነው፤ በተማሪነቱ እሷ ኮሌጅ ውስጥ ያበላችው ሰው። ጠዋት የጋገረበት ምድጃ ገና ትኩስ ነበር። ትሪዎቹን ወደ ውስጥ ገፋላት። ከሩብ ሰዓት በኋላ ሽታው መንገዱን ሞላው። ቅቤው ቅርፊቱን ወርቅ አስመስሎታል፣ በስንጥቁ በኩል ቀዩ ቁሌት ትንሽ ፈልቶ ወጥቶ ጠርዙ ላይ ተጠብሷል።

ጥላዬ አንዱን ቆርሶ በላ። ዐይኑን ጨፈነ።

«እትዬ ዘነቡ፣ ይኼን ነገር መሸጥ አለብዎት።»

«በል ብላ። ለሠራተኞችህም ስጣቸው።»

ሠላሳ ስድስት ነበሩ። ለጥላዬ ሠራተኞች ሰጠች። ለሰፈሩ ዘበኞች ሰጠች። ለጎረቤቶቿ፣ በቤተ ክርስቲያኑ በር ለሚቀመጡት፣ ለአንድ ዐይነ ስውር ሽማግሌ፣ ለልብስ ሰፊው፣ መንገድ ላይ ላገኘቻት ሕፃን ያዘለች ሴት። ሁሉም መረቃት። «እጅሽ ይባረክ» ያላላት የለም።

ባዶውን ትሪ ልትወስድ ስትመለስ ጥላዬ አንድ ነገር ጠየቃት። የሰፈር ልጅ ነውና ታሪካቸውን ያውቃል።

«ለስመኝስ ላኩላት?»

ፊቷ ተለወጠ። «ለእሷ ትርፍራፊ?»

«ትርፍራፊ ነው እንዴ ይኼ?»

«ትኩሱን ጠርቻት ላልመጣች ልጅ የተረፈውን ልላክላት? ምን ትለኛለች? ንቃኝ ነው አትልም? አይሆንም። ዳግም ትንሣኤ እሑድ ነው። አዲስ ዶሮ አሳርጄ፣ በሞሰብ አድርጌ፣ ራሴ ይዤላት እሄዳለሁ። የበደልኩትን ሰው በተረፈ ምግብ አልክስም።»

ጥላዬ የምድጃውን አካፋ ግድግዳው ላይ አስደገፈ። «እትዬ፣ የራበው ሰው ምግቡ መቼ እንደተሠራ አይጠይቅም።»

«እሷ አልራባትም» አለች ዘነበወርቅ። ትሪዋን ይዛ ወጣች።

እስቲ እዚህ ላይ ቁሙልኝ። ሐሳቧ ክፉ ነው? ክፉ አይደለም። እንዲያውም ያምራል። ለተበደለ ሰው ትኩስ ይገባዋል አለች፣ ለእህቴ ምርጡ ይገባታል አለች። ከእኛ መካከል ይህን የሚነቅፍ አለ? እኔ አልነቅፍም። እኔን የሚያስፈራኝም ይኸው ነው። ክፉ ሐሳብ ቢሆን ኖሮ ደንግጣ ትመለስ ነበር። መልካም ሐሳብ ግን ሰውን እስከ እሑድ ያስቀምጠዋል።

ማክሰኞ ሽንኩርት ገዛች። ረቡዕ ልጣ ከተፈችው፣ በርበሬዋን አዘጋጀች። ልቧም ትንሽ ቀሎላት ነበር። እሑድ የምትናገረውን ቃል በአፏ ትለማመድ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ አጸደ በሩን አንኳኳች። ከገጠር ትናንት ነው የተመለሰችው። ሰላምታ አላቀረበችም።

«ዘነቡ፣ ሄደሽ አየሻት?»

«ማንን?»

«ፋሲካ ዕለት ሳትመጣ ስትቀር ለምን ቀረች ብለሽ አልጠየቅሽም?»

ዘነበወርቅ ቢላዋውን አስቀመጠች። አጸደም መሐላዋን አፈረሰችና ሁሉንም ነገረቻት። ሕመሙን፣ ሐኪሞቹ ያሉትን፣ ስመኝ ለምን እንደደበቀች። ከዚያም የግቢው ሰዎች ለእሷ የነገሯትን ነገረቻት። ስመኝ ፋሲካ ጠዋት በሰው እርዳታ ታጥባ ቀሚሷን ለብሳለች። አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ልትነሣ ስትል ጉልበቷ ከዳት። አከራይዋ ሳህን ሞልታ ምግብ ብታመጣላት፣ «እግዜር ይስጥልኝ፤ እህቴ ጠርታኛለች፣ እዚያ ነው የምበላው» ብላ መለሰችው። «ታዲያ እንጥራልሽ፣ ትምጣ?» ቢሏት «ግዴላችሁም፣ ስቀርባት ራሷ ትመጣለች» አለች። ቀሚሷን እንደለበሰች መሸባት። ሰኞም እንደዚያው። ሰኞም አልበላም አለች።

አስቡት። ሁለት እህትማማቾች በሃያ ደቂቃ መንገድ ዳርና ዳር ተቀምጠው፣ አንዷ ሌላዋን እየጠበቀች፣ ሁለቱም በፋሲካ ጾማቸውን ዋሉ።

«ቆይ» አለች ዘነበወርቅ። «ቆይ፣ ዶሮውን ላሳርድ። ሽንኩርቱ ተዘጋጅቷል። ሦስት ሰዓት ብቻ ስጪኝ።»

«ዘነቡ፣ ለዶሮ ጊዜ የለሽም» አለች አጸደ።

ማቀዝቀዣው ውስጥ ሦስት ማግስት ቀርተው ነበር። ድስት ላይ አሞቀቻቸው፣ በጨርቅ ጠቀለለቻቸው፣ ነጠላዋን እንኳ ሳታጣፋ ከአጸደ ጋር ወጣች። ሰባት ዓመት የራቃትን መንገድ እየሮጠች ነው የሄደችው።

ስትገባ መጀመሪያ ቤት የተሳሳተች መሰላት። አልጋው ላይ ያለችውን ሴት አላወቀቻትም። ሰውነቷ አልቋል፣ ሆዷ ተነፍቷል፣ ዐይኖቿ ቢጫ ሆነዋል። ከዚያ ያቺ ሴት ተናገረች።

«እታለም።»

ዘነበወርቅ መሬት ላይ ተንበረከከች። ስትለማመደው የሰነበተችው ቃል አንዱም አልመጣላትም።

«ምንድነው የያዝሽው?» አለች ስመኝ።

«ዳቦ ነው። ማግስት ነው። የተረፈ ነው… ይቅር በይኝ፣ ትኩስ አላገኘሁም።»

«ማግስት!» አለች ስመኝ። ፊቷ በራ። «አምጪው፣ ላሽትተው።»

ለካ ስመኝ በዚህ ዳቦ ነው ያደገችው። ዘነበወርቅ ከኮሌጁ በጨርቅ ጠቅልላ ስታመጣላት፣ በር ላይ ቆማ ትጠብቃት የነበረችው ሕፃን እሷ ናት። ዘነበወርቅ ይህን ረስታው አይደለም። አሳፍሯት ነው። «እኔ ሳሳድጋት የሰው ትርፍራፊ ነው ያበላኋት» ብላ በልቧ ታፍርበት ነበር። ስመኝ ደግሞ ከዚያ የሚጣፍጥ ነገር በሕይወቷ አልበላችም።

ዘነበወርቅ ከለስላሳው በኩል ትንሽ ቆርሳ አጎረሰቻት። ስመኝ አላመጠች። ብዙ ጊዜ አላመጠች። ከዚያ ዐይኗ እንባ ሞላ። አጸደ ጎንበስ ብላ በጨርቅ ከአፏ ተቀበለቻት።

«አልወርድ አለኝ» አለች ስመኝ። «ከትናንት ጀምሮ ምንም አይወርድልኝም። እሑድ ብትመጪ እበላው ነበር። ሰኞም እበላው ነበር። ማክሰኞ እንኳ ሾርባ ወርዶልኛል።»

ስትወቅሳት አልነበረም። የሆነውን ነው የነገረቻት። ዘነበወርቅ ስትነግረኝ «መምህር፣ ብትረግመኝ ይሻለኝ ነበር» ብላኛለች።

«የደርቤን ለቅሶ አልመጣሁልሽም» አለች ዘነበወርቅ በመጨረሻ።

ስመኝ ዐይኗን ወደ በሩ መለሰች። ከዚያ «በሩን አይ ነበር» አለች። «ሦስቱንም ቀን። ነጠላዋን ያዘቀዘቀች ሴት በገባች ቁጥር አንቺ ትመስዪኛለሽ።»

«በር ድረስ ወጥቼ ነው የተመለስኩት።»

«የእኔ በር?»

«የእኔ በር።»

ስመኝ ልትስቅ ሞከረች፤ ሳል ሆነባት። ሳሉ ሲለቃት «ታዲያ እሱን እንኳ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?» አለች። «ከቤቴ ልመጣ ወጥቼ፣ አፍሬ ተመለስኩ ብትዪኝ፣ ይበቃኝ ነበር እኮ እታለም። ለሰባት ዓመት ይበቃኝ ነበር።»

ዘነበወርቅ ግንባሯን አልጋው ጠርዝ ላይ ደገፈች።

«በይ ብዪልኝ» አለች ስመኝ። «እኔ ባልችል አንቺ ብዪ። አብረን እንደፈሰክን ይሁን። ስትበዪ ልይሽ።»

ዘነበወርቅም እዚያው መሬት ላይ ተቀምጣ በላች። አንዱን በላች፣ ሁለተኛውን በላች። እንባዋ ከወጡ ጋር እየተቀላቀለ በላች። እህቷ ዐይኗን ከአፏ ላይ ሳትነቅል ታያት ነበር። «ዐይቡ በዛ» አለቻት አንዴ። ከዚያ እንቅልፍ ወሰዳት።

ሐሙስን አብራት ዋለች። ዓርብን አብራት ዋለች፤ ፀጉሯን ሠራቻት፣ ስለ እናታቸው አወሩ፤ ከቀትር በኋላ ግን ስመኝ ሰው መለየት አቆመች። ቅዳሜ ጠዋት፣ ዘነበወርቅ ፊቷን በሞቀ ውኃ ስታብስላት፣ አረፈች።

ዳግም ትንሣኤ እሑድ፣ በድንኳን ውስጥ፣ ሰው እየመጣ «እሰይ እንኳን ታረቃችሁ፤ እንኳን ደረስሽላት» አላት። እሷም «አሜን» አለች። እኔም ሄጄ ያንኑ አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። «መምህር፣ እናንተ ታርቀዋል ትላላችሁ። ሰባት ዓመት ተጣልተን አንድ ቀን ተኩል ነው የታረቅነው። እሱንም እሷ አልበላችም» አለችኝ።

አታሳምርልኝ ብላኝ የለ? እንግዲህ አላሳመርኩትም።

አሁን ግን ወደ እናንተ ልምጣ።

እናንተ እኮ ደጎች ናችሁ። በዚህ በዓል ያላበላ ማን አለ? ዘበኛውን አብልታችኋል፣ ለማኙን አብልታችኋል፣ ስሙን የማታውቁትን መንገደኛ ጠርታችሁ አብልታችኋል። ለማያውቃችሁ ሰው የተረፈውን ስትሰጡ አታፍሩም። እጃችሁ የሚያጥረው ለማን ነው? ለበደላችሁት ሰው አይደለም ወይ? ለዚያ ሰው የተረፈ አይሆንም። ለእሱ ትኩስ መሆን አለበት። ለእሱ ቃሉ መስተካከል አለበት፣ ሽማግሌ መገኘት አለበት፣ ቀኑ መድረስ አለበት። ስንት ዳግም ትንሣኤ ቀጠራችሁለት? ስንት እንቁጣጣሽ?

«መምህር፣ ፍቅሬ እኮ አልቋል፤ የቀረኝ ጥቂት ነው» የሚለኝ አለ። ያንን ጥቂት ውሰድለት! «የምለውን አላውቅም» የምትለኝ አለች። የምለውን አላውቅም ብለሽ ንገሪያታ! «ልደውል ስልኩን አንሥቼ መልሼ አስቀመጥኩት» የሚለኝ አለ። እሱኑ ንገረው፤ ስልኩን አንሥቼ ነበር፣ ፈርቼ አስቀመጥኩት በለው። ለእናንተ ፍርፋሪ ነው። በዚያ በኩል ያለው ሰው ግን ሳህን መልሶ፣ ሆዱን አስርቦ፣ ያንኑ ፍርፋሪ እየጠበቀ እንደሆነ በምን ታውቃላችሁ? ያ የተባረከ እንጀራ እንኳ ሕዝቡን አጥግቦ ሲተርፍ፣ ቁርስራሹ ይጣል አልተባለም። ተሰበሰበ እንጂ።

ዘግይተናል አትበሉኝ፤ እኔ ማን እንደዘገየ አላውቅም። እናንተም አታውቁም። ማክሰኞ ዕለት ዘነበወርቅም አላወቀችም። ሽንኩርት እየገዛች ነበር።

ስብከቴ እዚህ ላይ ያበቃል። የሚቀረን የማሳረጊያው ጸሎት ነው። ሌላ ጊዜ ጸሎት ሳያልቅ በሚወጣ ሰው ስቆጣ ታውቁኛላችሁ። ዛሬ አልቆጣም። እኔ ስናገር አንድ ፊት በልቡ የመጣበት ሰው ካለ፣ አሁኑኑ ይነሣ፤ ጫማውን ያድርግና ይሂድ። ለእሱም ለእሷም እኛ እዚህ ሆነን እንጸልይላቸዋለን። ሂዱ። ማንም ዞሮ አያያችሁም።